የሆላንድ አንበሳ በሰው ካፖርት ላይ

የሟቹ ልጅ ለለቅሶ ብሎ ከእኔ የተዋሰውን የክንድ ምልክት አልመልስም አለ። ይባስ ብሎ የአባቴ ነው አለ። በደሉ ይኸው ነው፤ ሌላ ማሳመሪያ የለውም።

ምልክቱ ከመዳፍ የማይበልጥ ጨርቅ ነው። ብርቱካናማ አንበሳ አለበት፤ ከሥሩ የፈረንጅ ፊደል ተጽፏል። እንዲህ ያሉ ሠላሳ አንድ ጨርቆች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉኝ። ሁሉም በሰው አገር ጦርነት ወደው የዘመቱ ሰዎች የለበሷቸው ናቸው። መካነ ሰላም ገበያ ሰልባጅ ስለምሸጥ አንዳንዱ በአሮጌ ካፖርት ክንድ ላይ እንደተሰፋ ይመጣል። ሌላውን ያገኘሁት ከሽማግሌ ወታደሮች ለምኜ ነው። ለምን ትሰበስባለህ ይሉኛል። እኔን በደርግ ጊዜ ከገበያ አፍሰው ነው የወሰዱኝ። እኔ ተጎትቼ ወደሄድኩበት ነገር ባሕር ተሻግሮ በፈቃዱ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ይህን ማወቅ ፈለግሁ። እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ጨርቁ ግን አለኝ።

ማንበብ የተማርኩት በአርባ ዓመቴ ነው። ሀ ሁን ከጨረስኩ በኋላ የፈረንጁን ፊደል አንድ በአንድ የለቀምኩት ከእነዚሁ ጨርቆች ላይ ነው። የአንበሳውን ጽሑፍ ለማንበብ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ኔደርላንድ ይላል። ሆላንድ ማለት ነው። ከሆላንድ በፈቃዳቸው ኮሪያ የዘመቱ ወታደሮች ነበሩ፤ አንዱ እዚያው ከዘመተ የደሴ ሰው ጋር ምልክት ተለዋወጠ፤ እኔም ከደሴው ሰው በአንድ ሙክት ወሰድኩት። ሚስቴ አሁንም "ሙክት ሰጥቶ ቡትቶ" ትለኛለች።

ሟቹ ጎረቤቴ ነበሩ። ኮሪያ ዘምተዋል፤ ይህን ማንም አይክድም። የራሳቸውን ምልክት ግን አይጥ በልቶት ኖሯል። ያረፉ ዕለት ልጃቸው ደጄ መጣ። የእህል ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ያንሳል።

"ጋሼ፣ ቆርቆሮዎ ውስጥ አንበሳ አለ አሉ። የአባቴ ካፖርት ባዶውን ለቅሶ ላይ ሊወጣ ነው።"

በእኛ አገር የሟች ልብስ ለቅሶ ላይ ከፍ ተደርጎ ይያዛል። ያለ ምልክት ቢወጣ ያሳፍራል፤ ይገባኛል።

"አለ፤ ግን የእኛ አንበሳ አይደለም" አልኩት።

"አንበሳ አንበሳ ነው፣ ጋሼ።"

የእኛው በአራት እግሩ ይራመዳል፤ መስቀል ይዟል። የሆላንዱ በኋላ እግሩ ቆሞ ምላሱን አውጥቷል። ይህን አስረዳሁት። ሰው ሞቶበት ደጄ የቆመን ሰው ምን ልበለው? በመርፌ ቁልፍ ይያዝ እንጂ እንዳይሰፋ ብዬ ሰጠሁት። ሰፉት። ለዚያውም በጆንያ መስፊያ።

አልቃሿ ካፖርቱን እያየች "አንበሳው" ስትል ሰዉ ደረቱን ደቃ። ከወግዲ የመጡ ዘመዶች ጨርቁን እየነኩ እጃቸውን ሳሙ። እኔ ከዳር ቆሜ የሆላንድ አንበሳ ሲለቀስለት አየሁ። ለቅሶ ላይ ማን አፉን ይከፍታል?

ከሠልስቱ በኋላ ልቀበል ብሄድ ከካፖርቱ ፈትተው ቀይ ከፋይ ላይ ሰፍተው፣ መስታወት ውስጥ ከተው፣ ከሟቹ ፎቶ ጎን ሰቅለውታል።

"ይህ የአባቴ ነው። አገር ያየው ነገር ነው" አለ ልጁ።

"ከሥሩ ያለውን አንብበው።"

"አንተ ትናንት ሀ ሁ ቆጥረህ ዛሬ ለእኔ ፈረንጅኛ ልታስተምር?" ጋሼ ማለቱም ቀረ።

ነገሩን ለሽማግሌ ሰጠሁ። አንድ ቄስ፣ አንድ ሐጂ፣ አንድ ጡረተኛ ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ቀረ። በሁለተኛው ቀን መጣና ወሬው ሁሉ በቤቶቻችን መሐል ወዳለው የባሕር ዛፍ ድንበር ሄደ፤ ተነሥተን ተበተንን። በሦስተኛው ቀን እነሱ ቤት ተሰብስበን ጨርቁ ከነመስታወቱ መሐል ተቀመጠ፤ እኔም ጣቴን እያስኬድኩ ፊደሉን አነበብኩ።

ቄሱ "እኔ ግእዝ እንጂ ይህን አላውቅም" አሉ።

ሐጂው ደግሞ "እኔም ዐረብኛ ነው የቀራሁት። ወላሂ፣ ይህ ሰው የሙክቱን ስም ቢያነብልንም አሚን ነው የምንለው" አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ያን ጊዜ የሟቹ ሚስት ከጓዳ ወጡ። መስታወቱን አነሡ፤ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"የእሱን አንበሳ እኔ ነኝ በእጄ የሰፋሁለት። መስቀል ይዞ ነበር። ይህ የሰው ነው።"

"እማዬ፣ ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?" አለ ልጁ።

"ሰዉ እያለቀሰ ነበራ። ተዉ አታልቅሱ፣ አንበሳው የሰው ነው ልበል?"

አለቀ ብዬ ልነሣ ስል ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ እስከ ሙት ዓመቱ ይቆይልኝ። ከማሻም ከወግዲም ሰው ይመጣል። ግድግዳው ላይ ካጡት ልጄን ሌባ ይሉብኛል።"

ሽማግሌዎቹ ከእኔ በፊት እሺ አሉ። ሐጂው "አንተም አሚን በል" አሉኝ። በሴትዮዋ ፊት እምቢ አይባልም። አሚን አልኩ።

መስታወቱ የተሰቀለው በር ትይዩ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ይመታዋል። ቀለሙ ይሄዳል፣ ጥላ ላይ ስቀሉት ብዬ ለመንኩ። ልጁ "ጨርቅ ነው፣ አይሞትም" አለኝ። በየወሩ ለሰላምታ እየመሰልኩ ሄጄ አየዋለሁ፤ በየወሩ ይነጣል። ሚስቴ እንኳ "ለሟቹ እንዲህ አልተመላለስክም" አለችኝ።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ስሄድ ልጁ ቤት አልነበረም፤ መቼስ አይኖርም። ሴትዮዋ መስታወቱን አወረዱ፤ ስፌቱን በምላጭ ፈቱ። አንበሳው እንደ ገለባ ነጥቷል፤ ዙሪያውን በመርፌ ተበሳስቷል።

"ስለ ቀለሙ ይቅር በለን፣ ልጄ።"

"እርስዎን ይቅር ብያለሁ። እሱን አላልኩም።"

"ለእሱ እነግረዋለሁ" አሉና ጨርቁን በመዳፌ ላይ አኖሩት። የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነበር፤ ጥር ሃያ ሁለት ቀን።