የሄለና ኮፍያዎች ገለምሶ ላይ ምን ሆኑ

ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አዳማ

መናኸሪያ ስንደርስ ገና ድንግዝግዝ ነው። እኔ አንድ ቦርሳ፣ ሄለና ሦስት ሻንጣ ይዘናል። ሄለና ፊንላንዳዊት ሚስዮናዊት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእጅ ሥራ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ ወንጌልንና ሹራብን አንድ ላይ ይዘው አገራችን መጡ። ከሻንጣዎቹ ሁለቱ በሱፍ ክር የተሞሉ ናቸው። እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እንግሊዝኛም ኦሮምኛም ስለምችል ቤተ ክርስቲያናችን አስተርጓሚ አድርጋ ላከችኝ።

እናቴ በር ላይ "ሰው አገር ያገኘሽውን ሁሉ እንዳትቀምሺ" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። የምንሄደው ምዕራብ ሐረርጌ ነው፤ የጫት አገር።

ጉዳያችን ይህ ነው። ሄለና ባለፈው ዓመት ገለምሶ ላይ ለሴቶች የእጅ ሥራ ትምህርት ጀምረው ነበር። ክር የሚልኩት እሳቸው ናቸው፤ ማስተማሪያ ክፍሉን የሰጠችው ደግሞ የጭሮዋ ቤተ ክርስቲያን ናት። ክፍሉ ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለው እሑድ፣ የሴቶቹ ሥራ ጉባኤ ፊት ከታየ በኋላ ይወሰናል።

ዓርብ፣ ቀትር ላይ፣ ሚኤሶ

አዋሽን፣ አሰቦትን አለፍን። ደረቅ ሜዳ፣ ግራር፣ አቧራ፣ ግመል። ሚኤሶ ላይ ፍየሎቹ የቆመ አይሱዙ ሥር ገብተው ጥላ ይሻማሉ። የሙዙ ዋጋ ለእኔ ሲነገር አንድ ነበር፤ ሄለና ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሌላ ሆነ።

ሾፌራችን አብዲ ሻንጣዎቹን በመስታወት ያያል። "እነዚህ ምንድን ናቸው አቦ? ወገቤን እኮ ነው የቆረጡኝ!"

"የሱፍ ክር ነው። ሴቶች ኮፍያ ይሠሩበታል።"

አብዲ ላቡን በክንዱ ጠረገ። "ኮፍያ?" አለ። ሻንጣዎቹን እንደገና በመስታወት አየና፣ "የሱፍ?"

"የሱፍ።"

"አላህ ይርዳቸው።"

ሄለና ምን እንዳለ ጠየቁኝ። "ጸልዮልዎታል" አልኳቸው።

ዓርብ፣ ምሽት፣ ጭሮ

ዳገቱን ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ጭሮ በተራራ መሐል ያለች፣ ባጃጅ የማይጠፋባት ከተማ ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ መኮንን እስከ ዛሬ በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ነው የሚሏት። ቤታቸው ለእራት ተቀበሉን፤ ባለቤታቸው ከእሳት የወረደ ፈጢራ ከማር ጋር አቀረቡ። አቶ መኮንን ለማዕዱ ጸለዩ። ለመንገዱም ጸለዩ። ለፊንላንድም ጸለዩ። አሜን ስንል ፈጢራው ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ይህን በደንብ ተርጉሚላቸው። የምእመናናችን ልጆች በጫት እየጠፉብን ነው። እሑድ በሚቀርበው ሥራ ላይ ከጫት ጋር የሚነካካ ነገር ካየሁ፣ ክፍሉን እኔው ራሴ እቆልፈዋለሁ።"

በደንብ ተረጎምኩ።

ቅዳሜ፣ ገለምሶ

በበዴሳ በኩል ገለምሶ ገባን። የመንገዱ ግራና ቀኝ ቡናና ጫት ነው። የሚያልፉን ፒካፖች ጫት ጭነው የሚበሩ ናቸው፤ አብዲ እንኳ መንገድ ይለቅላቸዋል።

የክፍሉ አስተማሪ ወይዘሮ ጽጌ አቅፋ ተቀበለችን። ሄለና መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ኮፍያዎቹ ነው። ግድግዳው ላይ ጥቂት ተሰቅለዋል። አንዱ ሬዲዮ ከአቧራ ይከላከላል። ሌላው ውስጥ ድመት ወልዳለች።

"ሌሎቹስ?"

ይህን ጊዜ ኢፍቱ የምትባል ተማሪ ከገበያ እየተጣደፈች ገባች። ትከሻዋ ላይ በኪሮሽ የተሠራ፣ ረዘም ያለ፣ ዓይኑ ሰፋፊ የሆነ ቀይ ቦርሳ አንጠልጥላለች። ሄለና ቦርሳውን ይዘው ክሩን በጣታቸው አሹት።

"ይህ ክር የእኔ ነው" አሉ። "ለናሙና ብዬ የሠራሁት ኮፍያ ነበር!"

ፈትተውታል። ሁሉንም ኮፍያ ፈትተው ቦርሳ ሠርተውበታል።

"ቆንጆ ነው። ምን ይያዝበታል?"

ጽጌ ፈገግታዋን ሳትቀይር በአማርኛ አንሾካሾከችልኝ፦ "ጎመን በያት። በኢየሱስ ስም፣ ጎመን በያት።"

ኢፍቱ ሰማቻት። "ጎመን? ጎመን ማን በትከሻው አንግቶ ያውቃል? ጫት በያት! እኔ አልሰረቅሁም። ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ይጠቁራል። ይሄ ያናፍሰዋል። አንድ ዙርባ ጫት ልክክ ብሎ ነው የሚገባው። ነጋዴዎቹ ከእጄ ይነጥቁኛል። ኮፍያውንማ ማን ይገዛል? ወላሂ፣ ራስ ይቀቅላል!"

"አቶ መኮንን ከሰሙ ክፍሉ ተዘጋ ማለት እኮ ነው!" አለች ጽጌ። "አንቺስ ባልሽ ጥሎሽ ሄዶ፣ ልጆችሽን በምን ልታሳድጊ ነው?"

"በእጄ። በውሸት አላሳድጋቸውም።"

ሁለቱም አፌን አፌን ያዩኛል። ሄለናም ይጠብቃሉ። ጎመንንም፣ ጫትንም፣ ራስ የሚቀቅለውን ኮፍያም አንድ ሳላስቀር ተረጎምኩ።

የሄለና ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ሳቅ ነው። "አባቴ ፓስተር ነበር" አሉ። "እናቴ የትምባሆ ከረጢት እየሠራች ትሸጥ ነበር። ዋናው ደንበኛዋ አባቴ ነው።"

ከዚያ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አውጥተው ቀዩ ቦርሳ ውስጥ ከተቱት። ልክክ አለ።

ኢፍቱ አፏን በሻርፗ ያዘች። "አንቺ፣ ይሄን ይዘሽ ጭሮ ልትገቢ ነው? ይስቁብሻል!"

"ይሳቁ" አሉ ሄለና።

እሑድ፣ ጭሮ

ከሆቴላችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የጫት ሱቅ ግን ይበዛበታል። ሄለና ቀዩን ቦርሳ አንግተው ከፊት፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ።

"ማዘር! ጫቱ የገለምሶ ነው የአወዳይ?" አለ አንዱ ጎረምሳ።

"ምን አለ?"

"ከየት የመጣ እንደሆነ ይጠይቃል።"

"ከፊንላንድ በዪው።"

ነገርኩት። "እዚያም ይበቅላል እንዴ አቦ!" ብሎ ጓደኞቹን ጠራ።

አቶ መኮንን በር ላይ ቆመው ነበር። ቦርሳውን ሲያዩ ለሰላምታ የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ። ቦርሳው ምን እንደሚያዝበት ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም፤ ያደጉት እዚሁ ነው።

የሴቶቹ ቦርሳዎች ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ጽጌ ጥግ ላይ አቀርቅራለች፤ ኢፍቱ በር ላይ ቆማለች። ሄለና ጉባኤው ፊት ቆመው ተናገሩ፣ እኔም ተረጎምኩ፦ "ሴቶቹ እነዚህን የሚሸጡት ለጫት ነጋዴዎች ነው። አልደበቁኝም፤ እኔም አልደብቃችሁም። እኔ መጽሐፍ ቅዱስ ያዝኩበት። እኔ ያስተማርኳቸው ኮፍያ ውስጥ ግን ድመት ወልዳለች።"

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ሌላው ሳል አስመሰለው። አቶ መኮንን ተነሡና፣ ከመወሰናችን በፊት እንጸልይ አሉ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን።

"ጌታ ሆይ፣ የእነዚህን እህቶች የእጅ ሥራ ባርክ..." አሉና ትንፋሽ ወሰዱ። "ግን" ሊሉ እንደነበር ከድምፃቸው ያስታውቃል።

"አሜን!" አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ። ከሁሉ የጮኸው ከፊተኛው ወንበር ነው፤ የአቶ መኮንን ባለቤት። ከበሩ በኩል ደግሞ "አሚን!" የሚል ተከተለ።

አቶ መኮንን ዓይናቸውን ገለጡ። ባለቤታቸውን አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ። የተባረከ ሥራ እንዴት ይዘጋል? "ክፍሉ ይቀጥል" አሉ፣ እንደ ተበለጠ ሰው። እሳቸው ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ዘማሪዎቹ ቶሎ መዝሙሩን ጀመሩ።

ሰኞ፣ አዳማ

ኢፍቱ ስንለያይ አረንጓዴ ቦርሳ ሰጠችኝ። መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤበት ቤቴ ደረስኩ። እናቴ በሩን ከፈተች፤ ፊቴን አይደለም ያየችው፣ ትከሻዬን ነው።

"ሳትቀምሺ ተመለሺ ብዬሽ..." ብላ ቦርሳውን ነጥቃ ከፈተችው። መጽሐፍ ቅዱሱን አወጣች። ከፊት አየችው፣ ከኋላ አየችው።

ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።