ጋቢ የለበሰችው ማሽን

በምሠራበት ኮሌጅ የሰርቨር ክፍሉ ነገር ከእኔ በቀር ማንንም አያሳስብም ነበር። ጎንደር ብርድ ናትና፣ ማቀዝቀዣው ይጠገንልኝ ባልኩ ቁጥር አለቃዬ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ «እኛ ማሞቂያ አጥተናል፣ አንቺ ማቀዝቀዣ ትያለሽ» ይለኝና ይስቃል። እኔ አልስቅም። ውጭ ውርጭ ቢወርድ እንኳ ያቺ ክፍል ከውስጥ እንደ ዳቦ ቤት ናት። ማሽኖቹ ቀን ከሌት ሙቀት ይተፋሉ፤ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ደግሞ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር ከየአካባቢው የመጡ ተማሪዎች በእኛ አዳራሽ እንዲፈተኑ ተመደቡ። ጥያቄውም መልሱም የሚያልፈው እኔ ክፍል ባለችው ባንዲት ማሽን በኩል ነው። እሷ ከጠፋች ፈተናው ይቋረጣል፤ መቼ እንደሚደገም ደግሞ የሚያውቅ የለም።

ከተፈታኞቹ አንዷ የጥበቃችን ልጅ ነበረች። አባቷ ከትክል ድንጋይ የመጡ፣ ሁላችንም «አያ» የምንላቸው ሰው ናቸው። እዚያ ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ስለከረመ ልጃቸውን ወደ ጎንደር አምጥተው፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው አስተማሯት። በፈተናው ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ «ይኸ ካመለጣት ዘመዱ ሁሉ ዳራት ይለኛል፤ እኔም የምመልሰው የለኝ» አሉኝ። አይዞዎት ብዬ አለፍኩ።

ፈተናው ተጀምሮ ብዙም ሳይቆይ መብራት ጠፋ። ጀኔሬተሩ ተነሣና አዳራሹም ማሽኖቹም ቀጠሉ። እንደ ነገሩ ይሠራ የነበረው ማቀዝቀዣ ግን ጀኔሬተሩ ላይ አልተያያዘም፤ አይችለውም። በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጌ ከፈትኳቸው። የክረምቱ ንፋስ በወዲያ ገብቶ በወዲህ ሲወጣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ወረደልኝ። እፎይ ከማለቴ «አንድ ኮምፒውተር እምቢ አለ» ብለው ከአዳራሹ ጠሩኝ። አያን በሩ ላይ አቁሜ፣ ሰው እንዳይገባ አደራ ብዬ ሮጥኩ።

ስመለስ ዝናቡ ጀምሯል። በሩ ተዘግቷል። ገፍቼ ስገባ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። መስኮቱም ግጥም ብሏል፤ ማሽኗ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በአያ ጋቢ ተጠቅልላለች። ከጋቢው ሥር ማስጠንቀቂያው ይጮኻል።

«አያ! ምን አደረጉ?» አልኩ ጋቢውን እየገፈፍኩ።

«ምነው? ዝናቡ ማኪናዋን ሊያረጥባት ሲል ደረስኩላት እንጂ። ንፋሱም በር ለበር ነው፤ ብርድ ይመታታል ብዬ…»

ደግ የሠራ ሰው ፊት ነበር ፊታቸው። እሱ ይበልጥ አናደደኝ።

«እሷ ከጠፋች የልጅዎም ፈተና አብሮ ይጠፋል!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

ፊታቸው አመድ መሰለ።

መስኮቱን መልሼ ከፈትኩት። ዝናቡ ቀጥታ ማሽኗን ይገርፋት ጀመር። የቆመችበት ብረት ወለሉ ላይ የታሰረ ስለሆነ ፈቀቅ አትልም። ብዘጋው ሙቀት፣ ብከፍተው ውኃ። ያገኘሁትን ላስቲክ መስኮቱ ላይ ብወጥረው ንፋሱ ነጥቆኝ ሄደ። የሙቀቱ ቁጥር ይወጣል። እንደዚያ ቀን ጨንቆኝ አያውቅም፤ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

አያ ወጡ። ጥለውኝ የሄዱ መስሎኝ በሆዴ ረገምኳቸው። ጥቂት ቆይቶ ራሳቸው ከመስኮቱ ውጭ ብቅ አለ። ባዶ በርሜል ገልብጠው ቆመውበት፣ የጥበቃ ቤታቸውን ሸራ በሁለት እጃቸው ከግድግዳው ራቅ አድርገው ወጥረውታል። ውኃው ከሸራው ወደ እጅጌያቸው ይወርዳል፤ ንፋሱ ግን በሥር እየገባ ማሽኗን ያገኛታል።

«እንዲህ ይሻላታል?»

«ይሻላታል! እንዳያንቀሳቅሱት!»

ቁጥሩ መውጣቱን አቆመ። መውረድ ግን አልወረደም። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል፣ እሳቸው ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ ቆየን። በመሀል በረዶ ተቀላቀለበትና ሸራው ዘመም ሲል ማስጠንቀቂያው እንደገና ጮኸ። «አያ!» አልኩ። ጥርሳቸውን ነክሰው አቀኑት።

ፈተናውን የጨረሰ ተማሪ ስሙ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። የልጃቸው ስም መጣ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ያልጨረሱት ገና ብዙ ናቸው። ፈታኞቹ አዳራሹ ውስጥ ተዘግቶባቸዋል፤ እኔ ከማሽኗ ፊት መነሣት አልችልም። እሳቸው ከወረዱ የሚተካቸው ሰው የለኝም። የልጃቸው ነገር ካለቀ ደግሞ በዚያ ዝናብ ምን ያቆማቸዋል? ልንገራቸው አልንገራቸው ስል ልጅቷ ራሷ ደብተሯን ራሷ ላይ ደፍታ ከሕንፃው ጀርባ እየሮጠች መጣች።

«አባባ! ጨረስኩ! ሸጋ ነበር አባባ!» እያለች ትጮኻለች።

ሸራው ይወድቃል ብዬ ልይዘው እጄን በመስኮቱ አወጣሁ። አልወደቀም። አያ ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

«ቀስ በይ ልጄ» አሏት፤ «ሰው እየተፈተነ ነው።»