የታይፕ ጠጋኙ

ጠጋኙ ሆሳዕና ከተማ ወዳለው ቢሮአችን የመጣው፣ ታይፔ ከቃል ወደ ቃል ሲሻገር እየዘለለ ስላስቸገረኝ ነው። ኮቱ በዘይት ቆሽሿል፤ የሸሚዙ ኮሌታ ግን እሁድ መሄጃ ያለው ሰው ይመስል በካውያ ተተኩሷል። ብሎን የሚፈታው ሳያቋርጥ ነው። የቢሮው ካድሬ ከኋላው ባለፈ ቁጥር ግን መፍቻውን አስቀምጦ እስኪርቅ ይጠብቃል።

ጠግኖ ሲጨርስ ለሙከራ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ብሎ መታ። ታይፑ አልዘለለም።

«ረዘም ያለ ነገር ይሞክሩበት» አልኩት።

ጣቶቹ እሱን ሳይጠይቁት ሮጡ። ወረቀቱ ላይ «በጌታ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች» የሚል ወጣ። የወንጌላውያን ጸሎት ቤቶች በመንግሥት ከታሸጉ ወዲህ እንዲህ ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ አይቼ አላውቅም።

አየኝ፤ አየሁት። ወረቀቱን መዞ ጠቀለለና አፉ ውስጥ ከተተው።

«ምን እያላመጥክ ነው?» አለ ካድሬው ከበሩ ላይ።

«ቆሎ ነው፣ ጓድ።»

«ለብቻህ?» ካድሬው መዳፉን ዘርግቶ ወደ እኛ መጣ።

እጄን ወደ መሳቢያዬ ሰደድኩ፤ ከጠዋቱ ቆሎዬ ትንሽ እንኳ ተርፎ እንዲሆን እየጸለይኩ።