የጥጃዋ መድኃኒት ዘመዶች

ሕሊና ዳባት ተወልዳ ያደገች፣ ደባርቅ ባለ አንድ ትንሽ ላቦራቶሪ የምትሠራ ሴት ናት። ሥራዋ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶችን በየወገናቸው መመደብ ነው። የአንዱ ቫይረስ ፕሮቲን ቀድሞ ከታወቁት ፕሮቲኖች ጋር ይነጻጸራል፤ በመመሳሰሉም ዘመዱ ይለያል።

ያን ጠዋት ከአምባራስ የመጡት ገበሬ አያ አለምነህ ጥጃቸውን በጋቢ አቅፈው ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ጥጆቻቸው በተቅማጥ አልቀዋል፤ የታዘዘላቸው መድኃኒት ሁሉ ተቅማጡን ያመጣውን ባክቴሪያ አልነካውም። ሕሊና ከወንዝ ውሃ ያወጣችው ቫይረስ ግን የላቦራቶሪው ሳህን ላይ ገድሎታል። የእንስሳት ሐኪሙ ሕሩይ ቫይረሱ ያለበትን ጠርሙስ ለጥጃዋ ሊያጠጣ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጨረስሽ? ጥጃዋ መቆም አቅቷታል።»

ጨርሻለሁ ልትል ነበር። የቫይረሱ ቅርፊትና ጅራት ፕሮቲኖች ከታወቁ ባክቴሪያ ገዳዮች ጋር ገጥመዋል፤ ዘመድ ተገኝቷል። በአገሩ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲተዋወቁ የማን ልጅ ነህ ይባባላሉ፤ አንድ የጋራ አያት እንደተገኘ ቆጠራው ቆሞ መሳሳም ይጀመራል። ሕሊናም የቆጠረችው እንደዚያ ነበር። ለጋብቻ ሲሆን ግን በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ይፈተሻል። ይህ ቫይረስ ደግሞ ጥጃ ሆድ ሊገባ ነው።

ሕሩይን ታገሠኝ ብላ የቀሩትን ፕሮቲኖች ማስተያየት ያዘች። ሐኪሙ ወደ ግቢው አየ፣ ወደ እሷ ተመለሰ። አንዱ ፕሮቲን ከገዳዮቹ ወገን አልነበረም። ባክቴሪያውን ሳይገድሉ ውስጡ ከሚሸሸጉት፣ አንዳንዴም ባክቴሪያውን መርዝ ከሚያወርሱት ቫይረሶች ጋር ፍጹም አንድ ነው። ሳህኑን አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ጠርቷል ያለችው ቦታ መሐሉ ላይ ስስ ጉም ለብሷል፤ ያልሞቱ ባክቴሪያዎች ናቸው።

«አይሰጥም» አለች።

ሌላ ምን አለን ሲል ጠየቃት። ምንም አልነበራቸውም። ለአያ አለምነህ ራሷ ልትነግራቸው ወጣች።

ሲሰሟት ቀና አላሉም። «ገደለው ብለሽኝ አልነበረም?»

«ብዬዎት ነበር፤ ቸኩዬ ነው። ይህን ካጠጣናት በሽታው ሊብስ ይችላል። የጎረቤትም ከብት ላይተርፍ ይችላል።»

«እኔ ያቀፍሁት የጎረቤቴን ጥጃ አይደለም።»

ሕሊና ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ አምጥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። ጥጃዋ ጥቂት ዋጠች፤ የቀረው በአፏ ጥግ ፈሰሰ። አሁን ተነሥተው ይሄዳሉ ስትል፣ አያ አለምነህ ጋቢውን ገለጥ አድርገው የጥጃዋን አንገት ደገፉላት።