ጣራ አይቶ የሚሄደው ሰውዬ

በየዓመቱ አጨዳ ሲያበቃ ከአውራጃ የሚመጣ አንድ ሰውዬ ነበር። ስሙን የጠየቀው ስለሌለ የቆቦ ሰው «ቀና በል» ይለዋል። ካኪ ኮቱ ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል፤ አንገቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። የሰፈርን ኑሮ የሚለካው በጣራ ነዋ! ቆርቆሮ ሀብታም፣ ሣር ድሃ።

«ኧረ ይግቡና ጓዳዬን ይዩልኝ» ትለዋለች የሰፈሩ ነዋሪ መይሙና።

«መለኪያው ከተለዋወጠ ዘንድሮን ካምና በምን ላስተያየው?» ይላል። ከደጅ አያልፍም።

ሰፈሩም መላ አላጣም። ሊመጣ ነው ሲባል ሣር እንዲመስል የማሽላ አገዳ ቆርቆሮው ላይ ይከመራል። ማሽላው በሰጠ ዓመት ሁሉ ሰፈሩ ድሃ ተብሎ ይመዘገባል፤ መዋጮውም ይቀልለታል።

በሰባ ሰባት ዝናቡ ቀረ። አገዳውን ከብቱ ጨረሰው፤ ከብቱንም ድርቁ ጨረሰው። ሰውዬው ሲመጣ የሚሸፍነው ያጣ ቆርቆሮ ሁሉ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። የሰውዬውም ቀበቶ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለው። መይሙና የቀረቻትን እፍኝ ቆሎ ዘረጋችለት።

«ቢስሚላሂ ይበሉ።»

አንድ ሁለት ፍሬ ቀመሰና የቀረውን በመሀረብ ቋጥሮ ኪሱ ከተተው። ለማን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ከዚያ እንደ ልማዱ ቀና አለ።

«ሰፈራችሁ እንዲህ ያለፈለት ገና ዘንድሮ ነው፣ እትዬ መይሙና። የእርዳታው ስንዴ ለድሃ ሰፈር ይሄዳል።»

«የእርስዎስ ቤት፣ ጓድ? ጣራው ምንድን ነው?»

ሰውዬው ኪሱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ቆርቆሮ» አለ።