ሆዴ ውስጥ የነበረው ልጅ አልነበረም

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ኩዌት ሳልዋ ውስጥ በሰው ቤት ስሠራ ነው። ያልረሳሁት በበሽታው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ማዳሜን ስለተበቀልኳት ጭምር ነው።

ሆዴ በግራ በኩል እየጠነከረ ያብጥ ጀመር። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ብዬ ለወራት ለመንኳት። መጀመሪያ በልተሽ ወፍረሽ ነው አለችኝ። ኋላ ግን አርግዘሻል አለች። ዘመዶቿ በተሰበሰቡበት ቀሚሴን ወደ ኋላ ጨምድዳ ይዛ ሆዴን አሳየቻቸው።

"ከሾፌሩ ነው ወይስ ከሌላ?" አለችኝ።

ወደ አገሬ ልትመልሰኝ ስትነሳ ባሏ መጀመሪያ ትመርመር ስላለ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የሽንት ምርመራው እርግዝና የለም አለ። ሐኪሟ ግን ሆዴን ስትነካ ፊቷ ተለወጠ። በአልትራሳውንድ አይታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላከችኝ። እዚያ ሲቲ ስካን ተነሳሁ፤ በመርፌም ናሙና ወሰዱ። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ፣ ከጡንቻ አካባቢ የሚነሳ ዕጢ ነው አሉኝ። ወደ ሌላ አካል አይሰራጭም፣ ግን ሊያድግ ይችላል፤ ለጊዜው ሳይነካ በየሦስት ወሩ እየተለካ ይታይ ተባለ።

ማዳም ይህን ሁሉ አጠገቤ ሆና ሰምታ ለዘመዶቿ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እነሱ እኔን ባዩ ቁጥር ይንሾካሾኩ ነበር።

ዓርብን ጠበቅሁ። ዓርብ ዓርብ ቁርጡባ የሚባል ሰፈር እናቷ ቤት ይሰበሰባሉ። ሻዩን አቅርቤ ስጨርስ የሆስፒታሉን ወረቀት ከኪሴ አውጥቼ ለታላቅ እህቷ ሰጠኋት፤ ፋርማሲስት ናት። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አልኳት። አነበበች።

እናትየዋ ወደ ማዳም ዞረው "ታውቂ ነበር?" አሏት።

እኔ ቀደምኳት። ሐኪሙ ሲነግረኝ አብራኝ ነበረች አልኩ።

አሮጊቷ እኔን ከጎናቸው አስቀመጡኝና ብርጭቆዎቹን ማዳም እንድታነሳ አዘዟት። ልጆቿ እያዩ አነሳች። አላፍርም፣ ደስ አለኝ።

በዚያው ወር እህትየዋ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ወደ ራሷ አዛውራ እሷ ቤት መሥራት ጀመርኩ። ቀጠሮ ሲደርስ እሷው ትወስደኛለች። ባለፈው ሲለካ ዕጢው አላደገም።

የወሎ ጓደኞቼ ለአላህ ብለሽ አውፍ በያት ይሉኛል። በኢድ ማዳም ራሷ እህቷ ቤት መጥታ ወጥ ቤት ድረስ ገብታ ይቅር በይኝ አለችኝ። ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።

"ያዋረድሽኝ በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ጠይቂኝ" አልኳት።

እስካሁን አልጠየቀችኝም። እኔም አልቸኩልም።