ከቆጵሮስ የሚመጣው ደመና

ከአማን አጠገብ ባለችው በሰልጥ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር፣ ቤት የሚያሞቀው የናፍጣ ምድጃ ከሳሎን የሚወጣው አባቴ ሲፈቅድ ነበር። ሥራው መጋረጃ መስፋት ነው። ግን «መጋረጃ ሰፊው ዐውኒ» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀው የለም፤ «ዐውኒ ዝናቡ» ካላችሁ ማንም ደጃችን ድረስ ያደርሳችኋል። መጋቢት ገብቶ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ ይሉና፣ በእኔ በልጁ ስም እየጠሩት፣ «አቡ ቡሽራ፣ የክረምቱን ምንጣፍ እናንሣ ወይስ እንቆይ?» ይሉታል። እሱ ወደ ምዕራብ ቀና ብሎ ያይና «ትንሽ ታገሡ» ይላል። ሁልጊዜ ትንሽ ታገሡ ነው። ክረምት እንዲያልቅበት የማይፈልግ ሰው ነበር።

እናቴ ነጃሕ በዚህ ነገር ትቃጠል ነበር።

«ሰው ሁሉ ቤቱን አጥቦ በጸደይ ይዝናናል፤ እኔ ከናፍጣ ሽታ ጋር ተዳብዬ ልኑር? አንተ ሰውዬ፣ ሚያዝያ ገባ እኮ!»

«ሚያዝያን አትመኛት የኔ እመቤት። ጠዋት ስቃ ማታ የምታለቅስ ወር ናት።»

«እሺ፣ ለምን ቆጵሮስን አላገባሃትም?»

ቆጵሮስ የምትነሣው በከንቱ አልነበረም። ያኔ ሰማይን ስልክ ውስጥ ማየት የለም። አባቴና ጓደኛው ሹክሪ፣ እታች መንገድ ላይ ያለው ፋርማሲ ባለቤት፣ አመሻሽ ላይ ትንሿን ቴሌቪዥን ጣራ ላይ ያወጡና የጎረቤት አገሮችን የአየር ትንበያ ይለቅማሉ። አባቴ ከእኔ ሌላ ልጅ ስለሌለው ዲሹን የማዞረው እኔ ነኝ። የደማስቆን ያያሉ፣ የቤይሩትን ያያሉ፤ ቀንቷቸው የቆጵሮስ ከተገኘ ጸጥ ይላሉ። ግሪክኛ አንድ ቃል አያውቁም፤ ካርታው ይበቃቸዋል። ዛሬ ቆጵሮስ ላይ የዘነበ ነገ እኛ ጋ ይዘንባል ብለው እንደ ሃይማኖት ያምኑ ነበር። ክርክራቸው ሌላ ነው። ሹክሪ «ይሄ ወደ ቱርክ ያመልጣል» ይላል፤ አባቴ «የኛ ነው! የኛ ነው!» ይላል፤ የሚያወሩት ስለ አንድ የጠፋ በግ ነው የሚመስለው።

በጸደይ አንዳንድ ቀን ጠዋት የኸማሲን ነፋስ የበረሃውን አቧራ ያራግፍብናል፣ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ይዘንባል፣ ሲመሽ ምድጃ ይለኮሳል። አገሩ ሁሉ ሲያማርር ሁለቱ ልጅ እንደተወለደላቸው ይተቃቀፋሉ። ግምታቸው ብዙ ጊዜ አይሰምርም። የሚያፍሩ ግን አይደሉም፤ «ቆጵሮስ ከዳችን» ብለው ይስቃሉ። ያ ጣራ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ዋኢልን አማን ዩኒቨርሲቲ ነው ያገኘሁት። የአቃባ፣ የደቡቡ ወደብ፣ ልጅ ነው። ላገባው እንደምፈልግ ለአባቴ የነገርኩት ቀን መቀሱን አስቀመጠ።

«አቃባ እኮ ዝናብ የለም» አለኝ።

«ባሕር አለ አባዬ።»

«ባሕሩ ምን ያደርግልሻል? ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው። ከዚህ ሰው ጋር ጠዋት ተነሥታችሁ ስለ ምንድን ነው የምታወሩት?»

«ስለ ልጅ፣ ስለ ዳቦ ያወራሉ፤ እንደ ሰው!» አለች እናቴ ከጓዳ።

የዋኢል ሽማግሌዎች በሚያዝያ አንድ አርብ ሊመጡ ተቀጠረ። ሳሎናችን ጠባብ ነው፤ መሐሉንም ያ ምድጃ ይዞታል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ፣ ከእንጆሪው ዛፍ ሥር፣ ወንበር ተከራይተን እንድንቀበላቸው ተወሰነ። አየሩ መጥራት አለበት ማለት ነው። የዋኢል አጎት ሳይቀር ደውሎ «የሰማዩን ነገር ዐውኒ ይንገረን፤ ሽማግሌ ይዘን ያንን ሁሉ መንገድ በከንቱ አንምጣ» አለ። እኔ ያንን አርብ በሕይወቴ ምንም ነገር ጠብቄ በማላውቀው ዐይነት እየጠበቅኩት ነበር።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ እኔ ቤት ሳጸዳ አባቴ ብቻውን ጣራ ወጣ። ሲወርድ ወደ እኔ አላየም፤ ግድግዳውን እያየ ነው የተናገረው።

«ነገ አይሆንም። ቆጵሮስ ላይ ትልቅ ነገር ተቀምጧል። በረዶ ሳይቀር ይዞ ነው የሚመጣው።»

ተደወለ፤ ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ተገፋ።

አርብ ሲነጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ልብሱን አጥቦ አሰጣ። «አቡ ቡሽራ፣ ጃንጥላ አለህ የምታውሰኝ?» የማይል መንገደኛ አልነበረም። ሹክሪ መጣና ከኪራዩ ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ። እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ።

«እኔም ትናንት ቆጵሮስን አይቻለሁ» አለው። «የመሐረብ ታህል ደመና አልነበረባትም።»

«ተሳሳትኩ።»

«አቡ ቡሽራ፣ አንተ ሲዘንብም ትሳሳታለህ፣ ሳይዘንብም ትሳሳታለህ። ካርታ ላይ የሌለ ደመና ግን አይተህ አታውቅም።»

አባቴ ተነሣና ወንበሮቹን ያጣጥፍ ጀመር። በጣም ተናድጄ ነበር፤ ወጥቼ ልጮህበት በሩ ድረስ ሄጃለሁ። እንባዬ ቀደመኝ። ዕድሜ ልኩን የሰበሰበውን እምነት፣ ለሁለት ሳምንት ብሎ፣ እኔን ሁለት ሳምንት ለማቆየት ብሎ በአንድ ቀን ጨረሰው። በዚያ ጸደይ ሰፈሩ ሳይጠይቀው ምንጣፉን አነሣ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ስለ ሰማዩ ማንም አልጠየቀውም። በዋዜማው ራሱ «ሳሎን ውስጥ ብናደርገው ይሻላል» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለች እናቴ።

ሽማግሌዎቹ ከእንጆሪው ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። የዋኢል አጎት ጉሮሮውን ጠርጎ ሊናገር ሲነሣ የመጀመሪያው ጠብታ ራሰ በራው ላይ አረፈ። ከዚያ ወረደ! የአቃባ ሰዎች በስስ ልብሳቸው እየተንቀጠቀጡ ሳሎናችን ውስጥ ታጨቁ። አባቴ ምድጃውን ለኮሰ። ለዓመታት ያንን ምድጃ ስትረግም የኖረችው እናቴ እንግዶቹን ወደ ምድጃው ጠጋ ጠጋ አደረገች።

ቡና ተቀዳ። አጎትየው ሲኒውን ሳይቀምስ ፊቱ አስቀመጠ። «አቡ ቡሽራ፣ የመጣንበትን ካላገኘን ቡናችሁን አንጠጣም» አለ።  አባቴ ወደ መስኮቱ ዞሮ ዝናቡን ያይ ጀመር። ቡናው ሊቀዘቅዝ ነው፣ እምቢ ሊል ነው ብዬ ሰጋሁ።

«ጠጡ» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ዝናብ እስኪመሽ አያባራም። ልጅቷም ልጃችሁ ናት።»

አቃባ ከገባሁ በኋላ በየጠዋቱ ይደውል ነበር።

«ቡሽራዬ፣ ሰማዩ እንዴት ነው?»

«ፀሐይ ነው አባዬ።»

«ምን ዐይነት ፀሐይ?»

ዋኢል ይስቃል። እኔ የፀሐይ ዐይነት መለየት ተማርኩ።

ዓመታት ሄዱ። አባቴ በመጋቢት ታሞ ሰልጥ ሆስፒታል ተኛ፤ ሄጄ አስታመምኩት፤ ለልጆቼ ስል ለጥቂት ቀን ወደ አቃባ ተመለስኩ። አሁን ሰማይ ስልክ ውስጥ ይታያል፤ ሹክሪ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ የደመናውን ካርታ ያሳየዋል። አንድ ጠዋት አባቴ ደወለ። ድምፁ በጣም ደክሟል።

«ቡሽራዬ፣ ሰማዩ እንዴት ነው?»

በረንዳ ላይ ነበርኩ። የአቃባ ሰማይ ጥርግ ብሏል።

«ደመና እየመጣ ነው አባዬ» አልኩት። «በባሕሩ በኩል። ከባድ ደመና ነው።»

ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር። ከአጠገቡ የሹክሪ ድምፅ ተሰማኝ፦ «የምን ደመና? ይኸው እያየኸው፣ ምንም የለም እኮ።»

«ዝም በል አንተ» አለው አባቴ። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ «በይ ቶሎ ሂጂ ልጄ፤ ልብስሽን ከገመዱ አውርጂ፤ እንዳይበሰብስብሽ» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁና፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ፣ ገና ውኃው ያልተንጠፈጠፈውን ልብስ ሁሉ አወረድኩ።